ለነጭ ወርቅ የተቀዳ ውሃ

አዋሽ ከተማ በቀትር ግማሽ እንቅልፍ ላይ ናት። ተሳቢ መኪኖች ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፣ ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ይጋደማሉ፣ አስፋልቱ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ የተኛበት ይመስላል። ንጋትወርቅ ግን ሥራ ላይ ናት። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ተጠግታ በሠራቻት ዳስ ሥር ጄሪካኖቿን በጆንያ ጠቅልላ፣ ጆንያውን አርሳ፣ ነፋስ በሚያገኛቸው በኩል ታንጠለጥላቸዋለች። ሲደርቅ ታርሰዋለች፤ ደግሞ ሲደርቅ ደግማ ታርሰዋለች። እንዲህ የዋለ ውሃ ከፍሪጅ ውሃ ይበልጣል ባይ ናት። እውነቷን ነው፣ ጥርስ አይጠዘጥዝም፤ ትንሽ ጆንያ ጆንያ ማለቱን ግን እሷም አትክድም።

የተወለደችው እዚያው የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቷ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ልጅ ሳለች ባቡሩ ሲመጣ ሮጣ ወጥታ እጇን ታውለበልባለች፤ የማታውቃቸው ሰዎች በመስኮት መልሰው ያውለበልቡላታል፤ ይሄዳሉ። ያ አሮጌ ባቡር ቆመ። አዲሱ ደግሞ ከከተማው ራቅ ብሎ ማንንም ሳይቀሰቅስ ያልፋል። አግብታም ነበር። ባሏ ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ ብሎ በባቡር ሄደና እዚያው ሌላ አገባ። ስለ እሱ የሚጠይቃት ካለ፣ «ባቡሩ ወሰደው፤ ባቡሩም ቀረ፤ በምን ይመለስ?» ብላ ትስቃለች። ለእሷ ሰው ማለት በደጇ የሚያልፍ ነው፤ በዚህ ብዙም አታዝንም።

የነጭ ወርቅ እግር ኳስ ክለብም ወደ ሕይወቷ የገባው እንዲሁ ሲያልፍ ነው።

ነጭ ወርቅ የሰመራ ክለብ ነው። ያቋቋሙት ዱብቲ የጥጥ እርሻ ላይ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ስሙንም ያወጡለት ከጥጡ ነው። በኋላ ሰመራ ገባ፣ ደመወዝተኛ ተጫዋች ቀጠረ፣ በሁለተኛው እርከን ሊግ ይጫወታል። ይጫወታል ማለት እንግዲህ ይሸነፋል ማለት ነው። የደረጃ ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። በየዓመቱ ለመውረድ አፋፍ ላይ ይደርስና ወይ ሌላ ክለብ ይፈርሳል፣ ወይ ደንቡ ይለወጣል፣ እሱ እንደምንም ይተርፋል። ማሊያው ነጭ ነው ይባላል፤ ከመታጠብ ብዛት ግን ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል።

ከሰመራ ወደ ደጋ ለመጫወት ሲሄዱ በአዋሽ ማለፍ ግድ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን የአውቶቡሳቸው ሞተር ልክ ከንጋትወርቅ ዳስ ፊት ለፊት ፈላ። መጀመሪያ ለራዲያተሩ ውሃ ሰጠች፣ ከዚያ ለልጆቹ። ጥላዋ ሥር ተኮልኩለው ጠጡ፣ ጥቂቶቹም ምንጣፏ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከመሀላቸው ኢስማኢል የሚባል፣ ያኔ ጢም እንኳ ያላበቀለ የቀኝ ተከላካይ፣ ኩባያውን ሲመልስላት ጠየቃት።

«እማማ፣ እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?»

ንጋትወርቅ ኳስ አይታ አታውቅም። ግን ለእንግዳ ሌላ ምን ይባላል?

«የእናንተ ነኛ» አለች። «ይቅናችሁ።»

አልቀናቸውም። በማግስቱ ሲመለሱ፣ እንደሚያሸንፉ ቅንጣት ታህል ሳትጠራጠር፣ እልልታዋን አፏ ውስጥ አዘጋጅታ ቆማ ነበር። አውቶቡሱ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ የሚወርድ ጠፋ። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ሾፌሩ ጀማሉዲን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አምስት አገቡብን እት ንጋት፤ አፍረው ነው» አላት። እልልታዋን ዋጠችው። ከዚያ ጄሪካኗን አንጠልጥላ አውቶቡሱ ላይ ወጣችና ከፊተኛው ወንበር እስከ ኋለኛው ለእያንዳንዱ ቀዳች።

«የእናንተ ነኝ ብያለሁ» አለች። «ካሸነፋችሁ ነው አላልኩም።»

ሰው ቀልድ መስሎት የሚናገረው ነገር አንዳንዴ ዕድሜ ልክ ይይዘዋል። ንጋትወርቅን ያ ቃል ያዛት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቶቡሱ ሲሄድም ሲመለስም ይቆማል፣ እሷም ትቀዳለች። ሲሄዱ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ይዘፍናሉ፤ ሲመለሱ መጋረጃው ዝግ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን፣ ጨዋታውን ራሱን፣ አንድም ቀን አላየችም። በየሻይ ቤቱ ያለው ቴሌቪዥን የሚያሳየው የእንግሊዝን ነው፤ ሬዲዮውም ስለ ነጭ ወርቅ የሚለው ነገር የለውም።

ስለዚህ ለራሷ ታየው ነበር። ቀትር ላይ ጀርባዋን ለአጥሩ ሰጥታ ዓይኗን ስትከድን ልጆቿ ወንዝ ዳር ባለ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ይመጡላታል። ማሊያቸው የምር ነጭ ነው። ኳሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፣ መሬት አይነካም። ተጋጣሚ የለም፤ ፊሽካ የሚነፋ የለም፤ የሚያልቅበትም ሰዓት የለም። በዚያ ሕልም ውስጥ አሸንፈው አያውቁም፤ ግን አይሸነፉም። የአንዱ ተሳቢ ጡሩንባ ሲቀሰቅሳት ጆንያው ደርቆ ይጠብቃታል።

ሾፌሮቹ ይተርቧታል። «ንጋት፣ ዛሬስ ልጆችሽ ስንት ይቆጠርባቸዋል?» ይሏታል። «አንተ ጅቡቲ ደርሰህ በሰላም ተመለስ እንጂ የእኔ ልጆች አያሳስቡህ» ትላለች። ቢያበሽቋትም አይታይባትም። ይወዷታል፤ ውሃዋን ሳይጠጡ የሚያልፉ ጥቂቶች ናቸው።

የማይተርቧት ጋሽ ሐሰን ብቻ ናቸው። ጋሽ ሐሰን ከአዋሽ አርባ በኩል ፍየልና ግመል ይዘው ለገበያ የሚመጡ የአፋር ሽማግሌ ናቸው። ዳሱ ሥር ሲቀመጡ ከውሃው በፊት ዳጉ ይቀድማል። አፋርና አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ ቁጭ ይልና ያየውንና የሰማውን ይቀባበላል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ። ዳጉ የሚሉት እሱን ነው። በዳጉ መዋሸት ነውር ነው፤ የሰሙትን እንዳዩት አድርጎ ማውራትም ከውሸት ይቆጠራል። ንጋትወርቅ አፋር ባትሆንም ጋሽ ሐሰን ከዚህ ሕግ ነፃ አላወጧትም።

«የልጆችሽስ ዳጉ?» ይላሉ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ።

«ተሸነፉ።»

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«ሰምቼ ነው።»

«እሺ» ይሉና ያኔ ውሃቸውን ይጠጣሉ። ወሬው ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፤ እሳቸው ግን ሳይጠይቁ ቀርተው አያውቁም። ንጋትወርቅ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ትወዳቸዋለች።

ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣ፤ ደግነት ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሽንፈት ያሰለቸው ሰው የማያሳብብበት ነገር የለም፤ በጫማው፣ በወንበሩ፣ ጠዋት ባገኘው ሰው። በመጀመሪያው ጉዞው ንጋትወርቅ ኩባያዎቿን ደርድራ ቆመች። አውቶቡሱ መጣ። ጀማሉዲን ጡሩንባ ነፋ፣ እጁን አውጥቶ አውለበለበ፣ ፍሬን ግን አልያዘም። አቧራው ኩባያዎቹ ውስጥ ገባ። ቸኩለው ይሆናል አለችና አጠበቻቸው።

በማግስቱ ከአዳማ የመጣ ሾፌር ወሬ ይዞ መጣ፤ ነጭ ወርቅ አንድ ለባዶ አሸንፏል። ንጋትወርቅ ለዓመታት ያቆየችውን እልልታ ለቀቀችው። ከመኪና ሥር የተኙት ሁሉ ሠርግ መስሏቸው ተነሡ። ደስታዋ ሲበዛ እንባዋ መጣ። ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ መስኮቱ ክፍት፣ ዘፈን በዘፈን ሆኖ ብቅ አለ፤ ሲመለሱ ሲዘፍኑ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ መንገዱ ጠጋ አለች። አሁንም ሳይቆም አለፈ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጀማሉዲን ለብቻው መጣ። ከሻይ ቤቱ ሻይ አስመጣና ሳይጠጣው አቀዘቀዘው።

«አሰልጣኙ ነው» አለ በመጨረሻ። «አዋሽ ላይ ውሃ ጠጥታችሁ ሄዳችሁ ያሸነፋችሁበት ቀን አለ ወይ ብሎ ጠየቀን። የለም አልነው። እንግዲያው አንቆምም፣ ሴትዮዋ ገድ የላትም አለ። ወላሂ እት ንጋት፣ እኔ አፍሬ ነው።»

ነገሩ ውስጧ ገባ። ባሏ የቀረ ጊዜ አማቷ ያሏት ቃል ይኸው ነበር፤ ገደ ቢስ። ስንት ዘመን ተኝቶ የነበረ ቃል ዞሮ መጣ። ስታስበው ደግሞ እውነት እየመሰለ ሄደ፤ ጠጡ፣ ተሸነፉ። አልጠጡም፣ አሸነፉ። ውሃ የሰጠቻቸው ወዳ ነበር፤ ወዳ ስትጎዳቸው ኖራለች ማለት ነው።

«ማሸነፋቸው ይሻላል» አለች። «አትቁም።»

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ደጋፊ ነኝ የሚል ሁሉ አያደርገውም። አውቶቡሱ በሚያልፍበት ቀን ዳሷን ዘግታ፣ ጄሪካኖቿን አውርዳ፣ እንዳያዩዋት ወደ አሮጌው ጣቢያ ትገባ ጀመር። ባቡር በማይመጣበት መድረክ፣ ቀለሙ በተላጠ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ሐዲዱ በሣር ተውጧል፤ ርግቦች የትኬት መስኮቱ ላይ ይተኛሉ። የጀማሉዲን ጡሩንባ ከአጥሩ ወዲያ ይሰማል፤ ይቀርባል፣ ይርቃል። ዓይኗን ጨፍና ያን አረንጓዴ ሜዳ ትፈልጋለች፤ እሱም አልመጣ ይላታል። በሕይወቷ ብቻዋን መሆኗ የተሰማት ያኔ ነው።

ነጭ ወርቅ ግን ወዲያው ወደ ልማዱ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ተሸነፈ፤ በሚቀጥለውም። ንጋትወርቅ ወሬውን ስትሰማ መጀመሪያ ቅልል አላት፤ ቅልል ስላላት ደግሞ አፈረች። ቀጥሎ፣ የተሸነፉት ሲያልፉ ዳሱን አይተውት ይሆናል ብላ ጣራውን በሸራ ሸፈነችው። ሰው አንዴ ገደ ቢስ ነኝ ካለ ማስረጃ አያጣም።

ሰኔ ላይ ወሬው ጠና። የመጨረሻው ጨዋታ ቅዳሜ ሰመራ ላይ ነው፤ ነጭ ወርቅ ካሸነፈ ይቆያል፣ ከተሸነፈ ይወርዳል፣ ከወረደ ደግሞ ይፈርሳል ተብሏል። በዚያው ሰሞን ጋሽ ሐሰን መጥተው ተቀመጡ።

«የልጆችሽስ ዳጉ?»

«የለኝም ጋሽ ሐሰን» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ገዱን፣ አግዳሚውን፣ ሸራውን፣ አማቷን ሳይቀር። «ልሂድና አንድ ቀን ልያቸው እላለሁ። ብሄድና ቢሸነፉ በእኔ ነው። ብቀርና ቢፈርሱ ደግሞ ሳላያቸው ነው።»

ጋሽ ሐሰን በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«እኔ የስንት ሰው መርዶ ተሸክሜ ለስንት ቤት አድርሻለሁ» አሉ። «ወላሂ፣ አንድም የገደልኩት የለም።» ከዚያ ተነሡ። «ይህን ሁሉ ዓመት የሰማሽውን ነገርሽኝ። አሁን ሂጂና ያየሽውን አምጪልኝ።»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሣች። ጆንያ የለበሰች ጄሪካን እግሯ ሥር አስቀምጣለች፤ ለምን እንደያዘቻት ራሷም አታውቅም። አዋሽ አርባ አለፈ፤ ከዚያ ሜዳው ተከፈተ። ግራር፣ ግመል፣ ባዶ፣ ደግሞ ግራር። ይህ ልጆቿ በየሳምንቱ መጋረጃ ዘግተው የሚመለሱበት መንገድ ነው፤ ሽንፈት ይዞ ለመሄድ እንዴት ያለ ረጅም መንገድ ነው አለች በልቧ። እንቅልፍ ወሰድ መለስ ያደርጋታል፤ ስትነቃ መንገዱ ያው ነው፤ የቱ ሕልም የቱ እውን እንደሆነ መለየት አቃታት። ሚሌ ላይ መኪና ቀየረች፣ ጆንያውን አራሰች፤ ሰመራ ስትደርስ ፀሐይዋ አዘንብላ ነበር።

ሜዳው ሣር የለውም። በአጥሩ ጥግ፣ ጥላ ባለበት፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተቀመጠች። ልጆቿ ወጡ። ንጋትወርቅ ተቀምጠው ወይም ተኝተው እንጂ ሲሮጡ አይታቸው አታውቅም። ነፋሱ አቧራውን ሲያነሣ ይጠፋሉ፤ ሲተኛ ደግሞ ተመልሰው ይታያሉ፤ ያ ሻይ የመሰለ ማሊያ ባዘነበለችው ፀሐይ ወርቅ ሆኗል። ኢስማኢል ጢም አብቅሏል፤ ሲሮጥ ክንዶቹን ያወናጭፋል። ቆንጆ ናቸው አለች፤ እንዲህ ያምራሉ ብላ አላሰበችም ነበር። በዚህ መሀል አንዱ የመታው ኳስ የሌላውን ጀርባ ነክቶ መረብ ውስጥ ገባ። አንድ ለባዶ። ራሷን ረስታ እልል አለች።

ለዕረፍት ሲወጡ ኢስማኢል ሜዳውን አቋርጦ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«እማማ ንጋት።»

«አላየኸኝም» አለችው ነጠላዋን እየጎተተች። «እየመራችሁ ነው። ሂድ ልጄ።»

«የእኛ ውሃ ፀሐይ ላይ ውሎ ፈልቷል። ከእርስዎ ይስጡኝ።»

«ኢስማኢል፣ ተው። ከእኔ ጠጥታችሁ አሸንፋችሁ አታውቁም።»

«ጠማኝ» አለ ኢስማኢል።

ጄሪካኗን በሁለት እጇ ይዛታለች። ቢጠጡና ቢሸነፉ ክለቡ የሚፈርሰው በእሷ ነው፤ አማቷም አሰልጣኙም እውነት ተናገሩ ማለት ነው። ግን የተጠማ ሰው ፊቷ ቆሞ ውሃ መንሳት አታውቅበትም። ቀዳችለት። ሌሎቹም ተከተሉ፤ በረኛውም፣ ግቧ በጀርባው የገባችለትም። አሰልጣኝ ደግነት ከሩቅ አየ፤ ግን አልከለከላቸውም።

በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ገባባቸው። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ ባሉበት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰዉ አጉረመረመና ተበተነ። ንጋትወርቅ አልተነሣችም፤ የሚመጣባትን ጠበቀች። የመጣው ደግነት ነው፤ አጠገቧ አጥሩ ሥር ዘፍ አለ።

«እትዬ፣ ውሃ ተርፏል?»

አዘነበለችለት። በእፍኙ ጠጣ፣ የተረፈውን ፊቱ ላይ አፈሰሰ።

«ሳንቆም ያለፍነው በእኔ ትእዛዝ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ጠጣ።»

አዋሽ ስትመለስ ሸራውን ከጣራዋ አወረደች፣ ጄሪካኖቿን ሰቀለች። ቀትር ላይ ዓይኗን ስትከድን ልጆቿ መጡላት። አሁን ሜዳው ሣር የለውም፤ ማሊያውም ነጭ አይደለም፤ ተጋጣሚ አለ፤ ይገባባቸዋል። ከድሮው ሕልም ይልቅ ይህኛውን ወደደችው። የጋሽ ሐሰን በትር መሬቱን ሲነካ ነቃች።

ስለ ዝናቡም ስለ ገበያውም ተባባሉ።

«የልጆችሽስ ዳጉ?»

«ተሸነፉ።»

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«አይቻለሁ።»

ጋሽ ሐሰን ኩባያውን አስቀመጡና እግራቸውን አጣጥፈው ተስተካክለው ተቀመጡ። ንጋትወርቅ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ነፋሱን፣ በጀርባ የገባችውን ግብ፣ የኢስማኢልን ጥም። ዳጉ ነውና ውሃውንም አልደበቀችም።

«እየመሩ ነበር። ከእኔ ጠጡ። ከዚያ ተሸነፉ።»

«እና በውሃው ነው?»

ያን ጥያቄ ከሰመራ እስከ አዋሽ ስታገላብጠው መጥታለች። ፈገግ አለች።

«በውሃው አይደለም። ሁለቱም ግብ የገባው በኢስማኢል በኩል ነው፤ ወደ ፊት ከሄደ መመለስ ይረሳል። በረኛው ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል። በዓይኔ አየሁ ጋሽ ሐሰን፤ ልጆቼ ኳስ አይችሉም።»

ሽማግሌው እንደ ታላቅ ወሬ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሏት።

«ታዲያ ይፈርሳሉ?»

«ይባላል። እሱን ገና አላየሁም» አለችና፣ የደረቀውን ጆንያ ለማራስ ተነሣች።